ብዙ ቡድኖች የተሳተፉበትን የኤንቢኤ ልውውጥ መመዘን፦ አትራፊውንና ከሳሪውን የመለያ አሠራር

በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ አንድ ተጫዋች ሲዛወር ዋጋው በፓውንድ ስለሚነገር፣ ውድ ነው ወይስ ርካሽ ብሎ መከራከር ለማንም ተመልካች አይከብድም። በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ በኤንቢኤ ግን ቡድኖች ተጫዋች የሚያገኙት በአብዛኛው ሌላ ተጫዋች፣ ውልና ወደፊት የሚደርስ የድራፍት (አዳዲስ ተጫዋቾች በየዓመቱ በተራ የሚመረጡበት ሥርዓት) ምርጫ መብት ሰጥተው በመሆኑ፣ ዋጋውን ጠቅልሎ የሚናገር አንድ ቁጥር የለም፤ ሂሳቡን ተመልካቹ ራሱ መሥራት ይኖርበታል። ሦስት፣ አራት ወይም ከዚያ በላይ ቡድኖች በአንድ ልውውጥ ሲገቡ ደግሞ ሂሳቡ ይበልጥ ይጠላለፋል። ኬቨን ዱራንት በጁላይ 2025 ከፊኒክስ ሰንስ ወደ ሂዩስተን ሮኬትስ የሄደበት ልውውጥ ሰባት ቡድኖችን ያካተተ ሲሆን፣ በሊጉ ታሪክ ይህን ያህል ቡድን የተካፈለበት የመጀመሪያው ነው።

የዱራንቱ ልውውጥ ግን ለመማሪያ ገና ትኩስ ነው። አሠራሩን ለማሳየት የመረጥሁት ኦገስት 10 ቀን 2012 በሎስ አንጀለስ ሌከርስ፣ በኦርላንዶ ማጂክ፣ በፊላደልፊያ ሰቨንቲ ሲክሰርስና በዴንቨር ናጌትስ መካከል የተፈጸመውን፣ ድዋይት ሃዋርድ ወደ ሌከርስ የሄደበትን የአራት ቡድኖች ልውውጥ ነው። ብዙ ጊዜ ስላለፈው ውጤቱ በሙሉ ሊባል በሚችል ደረጃ ታይቷል፤ በዕለቱ የተሰጠበት ፍርድም በኋላ ከሞላ ጎደል ተገልብጧል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

1. ወሬው እስኪረጋ ይታገሡ

የልውውጥ ዜና ተጠቃልሎ አይመጣም። መጀመሪያ የሚሰማው የኮከቡ ስም ነው፤ ከዚያ በሰዓታት ልዩነት አብረውት የሚሄዱት ተጫዋቾች፣ የምርጫ መብቶቹ፣ በመጨረሻም በመብቶቹ ላይ የታሰሩት ቅድመ ሁኔታዎች ይወጣሉ። በየዓመቱ በፌብሩዋሪ ወር የሚውለው የልውውጥ መዝጊያ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ከቀኑ 9 ሰዓት፣ በአዲስ አበባ ከምሽቱ 5 ሰዓት በመሆኑ፣ እዚህ ያለው ተከታታይ ትልልቆቹን ዜናዎች የሚሰማው ሊተኛ ሲል ነው። ዜናውን ሰምቶ መተኛት ይቻላል፤ ብይኑ ግን ቡድኖቹ ልውውጡን በይፋ እስኪያሳውቁ ይደር።

2. ለእያንዳንዱ ቡድን የገቢና የወጪ ገጽ ይክፈቱ

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ልውውጡን የሚከታተለው በተጫዋች ስም ነው። እገሌ ወዴት ሄደ፣ በእገሌ ምትክ ማን መጣ እያለ ሁለት ሁለት ስም ያጣምራል። ሁለት ቡድን ብቻ ባለበት ልውውጥ ይህ ብዙም አይጎዳም፤ አራት ቡድን ባለበት ግን ጥንዱ የሚገጥመው በሰውየው ሐሳብ ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ የሱቅ ሂሳብ እንደሚያዝ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ የደብተር ገጽ ይስጡ፤ ገጹን ከመካከል በመስመር ከፍለው በግራ ወጪውን፣ በቀኝ ገቢውን ይጻፉ።

የ2012ቱ ልውውጥ እንዲህ ይሞላል። በሌከርስ ገጽ ወጪው አንድሩ ባይነም፣ ጆሽ ማክሮበርትስ፣ ክርስቲያን ኤዬንጋ፣ ቅድመ ሁኔታ ያለበት የ2017 የመጀመሪያ ዙር ምርጫና አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ነው፤ ገቢው ድዋይት ሃዋርድ፣ ክሪስ ዱሆንና ኧርል ክላርክ ናቸው። በፊላደልፊያ ገጽ ወጪው አንድሬ ኢግዋዳላ፣ ኒኮላ ቩቼቪች፣ ሞ ሃርክለስና ቅድመ ሁኔታ ያለበት የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ሲሆን፣ ገቢው ባይነምና ጄሰን ሪቻርድሰን ነው። ዴንቨር አሮን አፍላሎን፣ አል ሃሪንግተንን፣ የ2014 የመጀመሪያ ዙርና የ2013 የሁለተኛ ዙር ምርጫ አውጥቶ ኢግዋዳላን ብቻ አስገባ። ኦርላንዶ ሃዋርድን፣ ዱሆንን፣ ክላርክንና ሪቻርድሰንን አውጥቶ አፍላሎን፣ ሃሪንግተንን፣ ቩቼቪችን፣ ሃርክለስን፣ ማክሮበርትስን፣ ኤዬንጋንና ሌሎቹ ሦስት ቡድኖች የሰጧቸውን ምርጫዎች በሙሉ ተቀበለ።

ሲጨርሱ ቆጠራ ያድርጉ። ከአራቱ ገጾች በወጪ በኩል 12 ተጫዋቾች አሉ፤ በገቢ በኩልም 12 መኖር አለባቸው። ካልገጠመ የተረሳ ስም አለ ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚረሳው ደግሞ በወሬው መጨረሻ ላይ «እና ሌሎች» ተብሎ የታለፈው ተጫዋች ነው።

ገጾቹ ሲሞሉ በወሬው ውስጥ ያልታየ ነገር ይታያል። ዴንቨር ኢግዋዳላን ከፊላደልፊያ ሲወስድ ለፊላደልፊያ የከፈለው አንዳች ነገር የለም፤ ሂሳቡን የከፈለው ለኦርላንዶ ነው። ፊላደልፊያም ባይነምን ከሌከርስ ሲቀበል ለሌከርስ ምንም አልሰጠም። አንድ ቡድን ለአንዱ ሰጥቶ ከሌላው በሚቀበልበት ልውውጥ «ዴንቨር ፊላደልፊያን አታለለው» ማለት ትርጉም የለውም። እያንዳንዱ ቡድን የሚመዘነው ከራሱ ጋር ብቻ ነው፤ የግራውን ሰጥቶ የቀኙን በማግኘቱ ከነበረበት ቦታ ከፍ አለ ወይስ ዝቅ አለ?

3. ቡድኑ ከልውውጡ በፊት የቆመበትን ቦታና ሌላ ምን አማራጭ እንደነበረው ይመርምሩ

ኦርላንዶ በዕለቱ ክፉኛ የተተቸው ሃዋርድን የመሰለ ሴንተር (በቅርጫቱ ሥር የሚጫወት ረጅም ተጫዋች) ሰጥቶ አንድም ኮከብ ሳይቀበል በመቅረቱ ነበር። ትችቱ ሚዛኑ ላይ ያስቀመጠው ግን የቀድሞውን ሃዋርድ ነው። በ2012 ክረምት ኦርላንዶ እጅ ላይ የነበረው ሃዋርድ ቡድኑን መልቀቅ እንደሚፈልግ የታወቀ፣ በኤፕሪል የጀርባ ቀዶ ሕክምና ያደረገና ውሉ ሊያልቅ አንድ ዓመት ብቻ የቀረው ተጫዋች ነበር። አሠልጣኙ ስታን ቫን ጋንዲ ተሰናብተዋል፣ ዋና ሥራ አስኪያጁ ኦቲስ ስሚዝም ሄደዋል፤ በምትካቸው የመጣው ሮብ ሄኒጋን በሥራው ላይ ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም ነበር። ከተማው ደግሞ ሌላ ትዝታ ነበረው፤ በ1996 ሻኪል ኦኒል ውሉን ጨርሶ ያለ አንዳች ምትክ የሄደው ወደዚሁ ወደ ሌከርስ ነበር። ስለዚህ የኦርላንዶ ገቢ መነጻጸር የነበረበት በ2013 ክረምት በባዶ እጅ ከመቅረት ጋር ነበር።

የሌከርስ ሁኔታ ተቃራኒ ነው። ኮቢ ብራያንት 34 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር፤ በዚያው ክረምት የመጣው ስቲቭ ናሽ 38 ደርሷል። እንዲህ ያለ ቡድን ከአምስት ዓመት በኋላ ለሚደርስ ምርጫ የሚሰጠው ዋጋ ዝቅተኛ ነው፤ ዝቅተኛ መሆኑም ሞኝነት አይደለም። ፊላደልፊያ በ2012 ከቦስተን ጋር በምሥራቁ ምድብ ግማሽ ፍጻሜ እስከ ሰባተኛው ጨዋታ ተጉዞ የወደቀ፣ መልካም ግን ከዚያ በላይ ፈቅ የማይል ቡድን ነበር። ዴንቨር ካርሜሎ አንተኒን በ2011 ለኒውዮርክ ኒክስ ከሰጠ ወዲህ ጥልቀት ያለው፣ ኮከብ የሌለው ስብስብ ይዞ ቆይቷል። ለአራቱም አንድ መለኪያ ማውጣት አይቻልም፤ በእያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ ቡድኑ ምን ይፈልግ እንደነበር በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፉ።

4. ከተጫዋቹ ስም ይልቅ ውሉን ያንብቡ

ደመወዝ በዶላር ሳይሆን ከደመወዝ ጣሪያው (ሊጉ ለአንድ ቡድን የዓመት ደመወዝ ድምር ካስቀመጠው ወሰን) ባለው ድርሻ ይታሰብ። በ2012–13 ጣሪያው 58 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ስለነበር የሃዋርድ 19.5 ሚሊዮን የጣሪያውን አንድ ሦስተኛ ይወስድ ነበር። በ2025–26 ጣሪያው 154.6 ሚሊዮን ደርሷል፤ ያው 19.5 ሚሊዮን ዛሬ የአንድ መካከለኛ ተጫዋች ደመወዝ ነው። የድሮን ልውውጥ በዛሬ ዋጋ የሚመዝን ሰው ከመጀመሪያው ተሳስቷል።

ቀጥሎ የሚታየው ውሉ የሚያልቅበት ቀን ነው፤ በዚህ ልውውጥ ውስጥ ከሁሉ የበለጠው ምስጢር እዚህ ላይ ተቀምጦ ነበር። የሃዋርድና የባይነም ውል በ2013 ክረምት ያበቃል፤ ኢግዋዳላም በዚያው ክረምት ውሉን አቋርጦ የመውጣት መብት ነበረው። ሦስቱ ቡድኖች ያገኙት ሦስት ኮከብ ሳይሆን የሦስት ኮከቦችን አንድ አንድ የውድድር ዓመት፣ ከዚያም ከሌሎች አብልጦ የመክፈል መብትን ነው። ይህ መብት ቀላል አይደለም፤ ሌከርስ ለሃዋርድ በአምስት ዓመት 118 ሚሊዮን ዶላር ማቅረብ ሲችል ሂዩስተን ከአራት ዓመትና ከ88 ሚሊዮን በላይ መሄድ አይችልም ነበር። ሆኖም ሃዋርድ 88ቱን መረጠ። በደብተሩ ላይ እያንዳንዱ ተጫዋች አጠገብ የቀሩትን ዓመታት በቁጥር ማስፈር የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ በቀኝ በኩል «1፣ 1፣ 1» የሚል ሲደጋገም ማንም ያስተውለዋል።

በወጪ በኩል የወጣ ውልም አንዳንዴ ትርፍ ነው። ሪቻርድሰን ሦስት የውድድር ዓመት የቀረው ውል ነበረው፤ ቡድኑን ከመሠረቱ ሊገነባ ለተነሣው ለኦርላንዶ ይህ ሸክም መውረዱ እንደ ገቢ ይቆጠራል። ሊጉና የተጫዋቾቹ ማኅበር በ2023 ካደረጉት የሥራ ስምምነት ወዲህ ይህ ነጥብ ይበልጥ ከብዷል፤ ሊጉ «ሁለተኛው ኤፕረን» የሚለውን የደመወዝ ወሰን ያለፈ ቡድን የሁለት ተጫዋቾችን ደመወዝ ደምሮ አንድ ውድ ተጫዋች መቀበልም ሆነ በልውውጥ ጥሬ ገንዘብ መላክ አይችልም።

5. የምርጫ መብቶቹን አንድ በአንድ ይፍቱ

«ሦስት የመጀመሪያ ዙር ምርጫ» የሚል ዜና ለጆሮ ያምራል። በድራፍት የሚመረጠው በተራ በመሆኑ ግን አንደኛ ከሆነ ምርጫና ሠላሳኛ ከሆነ ምርጫ መካከል ያለው ርቀት እጅግ ሰፊ ነው። ስለ እያንዳንዱ መብት የማን ነው፣ የትኛው ዓመት ነው፣ ምን ጥበቃ ታስሮበታል (ማለትም ምርጫው ከየትኛው ቁጥር በፊት ከወጣ ከሰጪው ቡድን ጋር ይቀራል) ብለው ይጠይቁ፤ ከዚያም ከጎኑ ሊሆን የሚችለውን መልካሙንና ክፉውን ጫፍ ይጻፉ።

የኦርላንዶ ሦስት ምርጫዎች ሦስት የተለያየ ዕጣ ገጠማቸው። ዴንቨር በ2014 የራሱም የኒውዮርክም ምርጫ በእጁ ስለነበር ኦርላንዶ ከሁለቱ ዝቅ ያለውን እንዲወስድ ተስማምተው ነበር፤ ሁለቱ ቡድኖች በአንድ ጨዋታ ልዩነት ስለጨረሱ ምርጫዎቹ 11ኛና 12ኛ ወጡ፤ ለኦርላንዶም 12ኛው ደረሰው። የፊላደልፊያው መብት ሳይበስል በዚያው በ2014 የድራፍት ምሽት ወደ ባለቤቱ ተመለሰ፤ ኦርላንዶ በ12ኛው የመረጠውን ዳሪዮ ሻሪችን ከዚህ መብትና ከአንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ጋር ሰጥቶ ፊላደልፊያ በ10ኛ የመረጠውን ኤልፍሪድ ፔይተንን ወሰደ።

የሌከርሱ መብት ታሪክ ደግሞ ጥበቃ ማለት ምን እንደሆነ ለማስተማር የተጻፈ ይመስላል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የክሊቭላንድ ካቫሊየርስ ባለቤት የነበሩት ቴድ ስቴፒየን የቡድናቸውን ምርጫዎች እየሰጡ ቡድኑን ባዶ ካስቀሩት በኋላ በስማቸው የሚጠራ ደንብ ወጥቷል፤ በዚህ ደንብ አንድ ቡድን በሁለት ተከታታይ የወደፊት ዓመታት የመጀመሪያ ዙር ምርጫ እንዳይኖረው አድርጎ መስጠት አይፈቀድለትም። ሌከርስ ናሽን ሲያመጣ ለፊኒክስ ምርጫ ስለሰጠ የኦርላንዶ ተራ ከዚያ ዕዳ ሁለት ዓመት ርቆ መቆም ነበረበት። የቀደመው ዕዳ ግን በጥበቃው ምክንያት ከዓመት ዓመት እየተንከባለለ፣ ባለመብቱም በመካከሉ ተቀይሮ ፊላደልፊያ ሆኖ፣ 2017 ደረሰ። በዚያ ዓመት የደካማ ቡድኖችን የምርጫ ተራ በሚወስነው ዕጣ፣ በሎተሪው፣ ሌከርስ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች አንዱን የማግኘት ዕድሉ 46.9 በመቶ ነበር፤ 2ኛው ወጣለት። ምርጫው በእጁ ቀረ፣ የቀደመው ዕዳ ወደ 2018 ተሻገረ፣ ከኋላው ተራ ይጠብቅ የነበረው የኦርላንዶ የመጀመሪያ ዙር መብትም በስምምነቱ መሠረት ወደ ሁለት የሁለተኛ ዙር ምርጫዎች ወረደ። ኦርላንዶ በዚያው ዓመት በ33ኛ ቁጥር ዌስሊ ኢዉንዱን የመረጠው በዚህ መብት ነው። በ2012 «የሌከርስ የመጀመሪያ ዙር ምርጫ» ተብሎ የተዘገበው ነገር ከአምስት ዓመት በኋላ ይህን ሆኖ ተገኘ።

6. የዕለቱን ብይን ቀን ጽፈው ያስቀምጡ

ይህ ደረጃ አጭር ነው፤ ሆኖም ብዙ ሰው ይዘለዋል። ሳይጻፍ የቀረ ብይን ውጤቱ ሲታይ ሳናውቀው ይለወጥብናል፤ «እኔ ያኔም ብዬ ነበር» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ዋሽቶ ሳይሆን ረስቶ ነው። እኔ በዚያን ጊዜ ደብተሬ ላይ «ሌከርስ በሰፊ ልዩነት፣ ፊላደልፊያ ሁለተኛ፣ ዴንቨር ሦስተኛ፣ ኦርላንዶ ተዘረፈ» ብዬ ጽፌአለሁ። ቩቼቪች የሚለውን ስም በተሳሳተ ፊደል ጽፌ ከጎኑ «ተጠባባቂ ሴንተር» ከማለት በቀር አንድ ቃል አልጨመርሁም። ገጹ እስካሁን አለ፤ እንደ እኔ ዓይነቱን ሰው የሚያስተካክለው እንዲህ ያለ ወረቀት ነው።

7. ከአንድ የውድድር ዓመት በኋላ ተመልሰው ውሳኔውንና ዕድሉን ይለዩ

በ2012–13 ሌከርስ 45 አሸንፎ 37 ተሸንፎ በምዕራቡ ምድብ ሰባተኛ ሆነ፤ ብራያንት በኤፕሪል የተረከዝ ጅማቱ ተበጠሰ፤ ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ በጥሎ ማለፉ የመጀመሪያ ዙር በጨዋታ ብዛት 4 ለ 0 አሰናበተው፤ ሃዋርድም በመጨረሻው ጨዋታ ከሜዳ ተባሮ የወጣ ሲሆን በጁላይ ወደ ሂዩስተን ሄደ። ባይነም ለፊላደልፊያ አንድም ጨዋታ አልተጫወተም። ኅዳር ላይ ቦውሊንግ ሲጫወት የግራ ጉልበቱን አሳመመው፤ በማርች ሁለቱንም ጉልበቶቹን ቀዶ ሕክምና አደረገ፤ ቡድኑ 34 ጨዋታ ብቻ አሸነፈ። ዴንቨር 57 ጨዋታ አሸንፎ፣ ከእነዚህም 38ቱን ከ41 የሜዳው ጨዋታዎች አግኝቶ፣ በመጀመሪያው ዙር በጎልደን ስቴት ዋሪየርስ ወደቀ፤ ኢግዋዳላም በክረምቱ ወደዚያው ወደ ጎልደን ስቴት ሄደ። ኦርላንዶ 20 አሸንፎ 62 ተሸነፈ፤ ከሊጉም መጨረሻ ወጣ።

ውጤቱን ብቻ የሚያይ ሰው አራቱም ከሰሩ ሊል ይችላል። እዚህ ላይ እያንዳንዱን ክፉ ነገር እያነሡ በውሳኔው ቀን ይታወቅ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የባይነም ጉልበት ይታወቅ ነበር፤ በ2008 እና በ2009 ተጎድቷል፣ በ2010 ቀዶ ሕክምና አድርጓል። በቦውሊንግ ይጎዳል ብሎ የሚገምት አልነበረም፤ አንድ ዓመት ብቻ በቀረው ውል ላይ እንዲህ ያለ ጉልበት ተሸክሞ፣ በዚያም ላይ ሁለት ወጣቶችና ምርጫ መጨመር ግን አደጋን በአደጋ ላይ መደራረብ ነው። የፊላደልፊያ ጥፋት ይህ መደራረብ ነው እንጂ ጉዳቱ ራሱ አይደለም። በአንጻሩ የብራያንትን ጅማት በሌከርስ ውሳኔ ላይ መጻፍ ግፍ ይሆናል።

ዕድል በሌላው አቅጣጫም ያታልላል። ዳላስ ማቬሪክስ በፌብሩዋሪ 2025 ሉካ ዶንቺችን ለሌከርስ ከሰጠ ከጥቂት ወራት በኋላ 1.8 በመቶ ብቻ የነበረው የሎተሪ ዕድል ወጥቶለት ኩፐር ፍላግን መረጠ። ይህን ዕጣ በልውውጡ ገቢ ላይ የሚመዘግብ ሰው ቤቱ የተቃጠለበት ጎረቤቱ ሎተሪ ስለደረሰው እሳቱን እንደሚያመሰግን ነው።

በዚሁ በዶንቺች ልውውጥ ዩታ ጃዝ ሦስተኛ ወገን ሆኖ ገብቶ ጄለን ሁድ ሺፊኖንና ሁለት የሁለተኛ ዙር ምርጫዎችን ተቀብሏል፤ ተጫዋቹንም ወዲያው አሰናብቶታል። ለደመወዝ ማመጣጠኛ የሚገባ እንዲህ ያለ ወገን መጠየቅ ያለበት ስላዋሰው ቦታ በቂ ኪራይ አገኘ ወይ ብቻ ነው። ዩታ አግኝቷል።

8. ሰንሰለቱን ይከተሉ፤ የት እንደሚቆርጡትም አስቀድመው ይወስኑ

ኦርላንዶ የተቀበለው ነገር በሙሉ ተጫዋች ሆኖ አልቀረም፤ እየተለወጠ ሄደ። አንዳንዱ ክር ቶሎ ተበጥሷል። ሃርክለስ በ2015 ዋጋ የለውም በሚባል የሁለተኛ ዙር መብት ወደ ፖርትላንድ ሄደ፤ ፔይተን በ2018 በአንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ወጣ። አፍላሎ በ2014 ወደ ዴንቨር ሲመለስ በምትኩ ኢቫን ፎርኒየ መጣ፤ እርሱም እስከ 2021 አገለገለ።

ዋናው ክር የቩቼቪች ነው። ዲሴምበር 31 ቀን 2012፣ ወደ ኦርላንዶ ከመጣ አምስት ወር ሳይሞላው፣ ከማያሚ ሂት ጋር በተደረገ ጨዋታ 29 ሪባውንድ (ቅርጫት ስቶ የተመለሰ ኳስ) ወስዶ ሻኪል ኦኒል በ28 ይዞት የነበረውን የቡድኑን ክብረ ወሰን ሰበረ። ያኔ ደብተሬን ገልጬ «ተጠባባቂ ሴንተር» የሚለውን ሳየው ማረሜን አስታውሳለሁ። ከስምንት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2019 እና በ2021 ኦል ስታር (ለሊጉ ምርጦች ጨዋታ የተመረጠ) ሆኖ፣ በማርች 2021 ወደ ቺካጎ ቡልስ ሲሄድ ኦርላንዶ ዌንደል ካርተርን፣ ኦቶ ፖርተርንና ሁለት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎችን አገኘ። የ2021ዱ በ8ኛ ቁጥር ጀርመናዊው ፍራንዝ ቫግነር ሆነ፤ የ2023ቱ በ11ኛ ቁጥር ጄት ሃዋርድ ሆነ። በአንዱ ሃዋርድ መውጣት የተጀመረው ሰንሰለት ሌላ ሃዋርድ አምጥቷል፤ ጄት የቀድሞው ተጫዋች የጁዋን ሃዋርድ ልጅ ሲሆን ከድዋይት የሚያገናኘው ስሙ ብቻ ነው።

ሰንሰለቱ በሁለት ደንብ ይገደብ። አንደኛ፣ የሚቆጠረው በቀጥታ ልውውጥ የተገኘ ብቻ ነው፤ ኦርላንዶ በመክፋቱ በ2013 ያገኘው የ2ኛ ምርጫ ወይም ፊላደልፊያ ከፈረሰ በኋላ በ2014 የመረጠው ጆኤል ኤምቢድ በዚህ መዝገብ አይገባም። ሁለተኛ፣ ንብረቱና ምስጋናው ይለያዩ። ቫግነር የ2012ቱ ልውውጥ የሩቅ ፍሬ ነው፤ በ2021 ቩቼቪችን በዚያ ዋጋ የሸጡት ግን ሌሎች ኃላፊዎች ናቸው፤ የእነርሱን ብልሃት ለሄኒጋን መስጠት አይገባም።

9. ለእያንዳንዱ ቡድን የተለየ ብይን ይጻፉ

ውጤት በፊደል ወይም በቁጥር መስጠት ደስ ይላል፤ ምክንያቱን ግን ይደብቃል። ስለዚህ በየገጹ ግርጌ ሁለት ሁለት ዐረፍተ ነገር ይበቃል፤ አንዱ ስለ ውሳኔው፣ ሌላው ስለ ውጤቱ። የእኔ ገጾች አሁን እንዲህ ይላሉ።

ፊላደልፊያ ከአራቱ ብቸኛው ግልጽ ከሳሪ ነው፤ ኢግዋዳላንም፣ ቩቼቪችንም፣ ሃርክለስንም ሰጥቶ በምትኩ ያገኘው ኮከብ አንድ ደቂቃ አልተጫወተለትም።

ሌከርስ እንደሚባለው አልከሰረም። ውሳኔው ትክክል ነበር፤ ውጤቱ መጥፎ ሆነ፤ ወጪውም ሲታይ ባይነም ከዚያ በኋላ በሊጉ የተጫወተው 26 ጨዋታ ብቻ ነው፣ የሰጠው የመጀመሪያ ዙር ምርጫም ወደ ሁለተኛ ዙር ወርዷል። አንድ የተበላሸ ዓመት ገዛ፤ በርካሽ ገዛው።

ዴንቨር አፍላሎን፣ ሃሪንግተንንና የ12ኛ ምርጫ ከፍሎ 57 ድል ያለው አንድ ዓመት አገኘ። ዳኒሎ ጋሊናሪ በኤፕሪል ጉልበቱ ባይጎዳ ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለው በግርጌው የተጻፈ ጥያቄ ነው። ኢግዋዳላ በ2015 የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች የተባለው በጎልደን ስቴት ማሊያ ነው፤ በአራቱ ገጾች ላይ ስሙ የሌለው ቡድን ከሁሉም ይበልጥ ተጠቀመ።

ኦርላንዶ አትርፏል፤ ትርፉ ግን ዋንጫ አልሆነም። በቩቼቪች ዘመን ቡድኑ ወደ ፕሌይ ኦፍ፣ ወደ ጥሎ ማለፉ፣ የገባው በ2019 እና በ2020 ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ በመጀመሪያው ዙር 4 ለ 1 ተሸንፏል። ገጹንም ገና መዝጋት አልቻልሁም፤ ቫግነር በ2024 የፈረመው 224 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ የአምስት ዓመት ማራዘሚያ እስከ 2030 ስለሚዘልቅ በቀኝ በኩል ለጥቂት መስመሮች የሚሆን ቦታ ትቻለሁ።